ባዶ በረታችንን የዶሮ ቤት ላደረጉልን ጋሼ

ይህን ምስጋና ከጥቅምት ጀምሮ ልጽፈው አስቤ ነበር። ግን ውርጩ ይፈትነው ብዬ ቆየሁ። አሁን ጥር ገባ። ህዳርና ታህሳስ አለፉ፤ ከ120 ዶሮዎቼ የሞተችው አንዲት ብቻ ናት። እንግዲህ በሙሉ አፌ መናገር እችላለሁ።

የምንኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። አገሩን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ በእነዚህ ወራት ጠዋት ሳሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ይታያል። አባቴ በሬዎቹን ከሸጠ ወዲህ በረቱ ባዶውን ቀርቶ ነበር። የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ስድስት ሜትር በአምስት። ለዶሮ ከዚህ የተሻለ ቤት ከየት ይመጣል ብዬ አምና ጀመርኩ።

ያኔ ያሠራሁት ሰው ሥራውን አውቃለሁ ብሎ ገንዘብ ተቀበለኝና ቀዳዳውን ሁሉ በላስቲክ ደፈነው። እኔም ብርዱ አሳስቦኝ ማታ ማታ የከሰል ምድጃ አስገባ ነበር። ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሲያልበው ያድርና ጠብታው ዶሮዎቹ ጀርባ ላይ ይወርዳል። ማሳል ጀመሩ። መጀመሪያ ፈንግል መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ክትባቱን ግን በጊዜው ወስደዋል። 14 ዶሮ ሞተብኝ። አንዷ እጄ ላይ ሆና ነው የሞተችው፤ እስካሁን አልረሳሁትም።

ዘንድሮ አንዲት ጎረቤታችን እኚህን አናጢ ጠቆመችኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። መጡ፣ በረቱን ዞረው አዩ፣ ከዚያ መዶሻቸውን እንኳ ሳያወጡ "ማታ እመለሳለሁ፣ ጧፍ አዘጋጂልኝ" ብለውኝ ሄዱ።

በጥቅምት ብርድ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። ጧፉን ለኮሱና ቁጢጥ ብለው ልክ ዶሮ በምትቆምበት ከፍታ ያዙት። ግድግዳውን እየታከኩ ቀስ ብለው ዞሩ። ነበልባሉ ዘንበል ባለበት ቦታ ሁሉ በከሰል ምልክት አደረጉ። 11 ቦታ ነበር። ከዚያ ተነሱና ጧፉን ወደ ጣሪያው ከፍ አደረጉት። "ይኸውልሽ ልጄ፣ ከታች የሚገባው ንፋስ ነው የሚጎዳቸው። ከላይ ያለውን ግን እንዳትነኪው። ትንፋሻቸውና እርጥበቱ የሚወጣው በሱ ነው" አሉኝ። ከዚያ ሌሊት በፊት ይህን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ምልክት ያደረጉባቸውን ቀዳዳዎች በጭድ በተቦካ ጭቃ መረጉ። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ገነጠሉት። በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት እንዳለ ተዉትና ሸለምጥማጥ እንዳይገባበት ጠንካራ ወንፊት ሽቦ መቱበት። ከቆርቆሮው ሥር ጆንያ ወጠሩና ከላዩ ገለባ አለበሱት። አሁን ጠብታ የሚባል ነገር የለም። በሩ ንፋሱ ወደሚመጣበት ስለሚያይ ከፊቱ በአሮጌ ቆርቆሮ መከለያ ሠሩለት።

ወለሉ ላይ ደግሞ ብዙ ደከሙ። የስንት ዓመት የከብት ሽንት የጠጣ አፈር ነው። አንድ ስንዝር ያህል አስቆፈሩና አስወጡት፤ ለሦስት ቀን በሩን ከፍተን አደረቅነው፤ ኖራ ነሰነሱበት፤ ደረቅ አፈር ደለደሉ፤ ከዚያ ነው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የገብስ ገለባ የጎዘጎዝነው። ጉዝጓዙን በየጊዜው በእጄ ጨብጬ እንዳይ አስተምረውኛል። ስለቀው ከተበተነ ደህና ነው። እንደ ጭብጦ ከተያያዘ ረጥቧል ማለት ነው፤ መገልበጥ ወይም መቀየር አለበት።

ቆጡንም እንደገና ሠሩት። የቀድሞው ቀጭን አጣና ነበር። እሳቸው ጠፍጣፋ ጣውላ አደረጉት፤ ዶሮዋ ተኝታ ጣቶቿን በሆዷ ላባ እንድትሸፍን ነው። እውነትም ማታ በባትሪ ሳያቸው እግራቸው አይታይም፤ ላባቸውን ነፍተው ተጠጋግተው ያድራሉ። ከሰል ድጋሚ እንዳላስገባም አጥብቀው ነገሩኝ። ጭሱ እኔንም ሊገድለኝ ይችል ነበር።

እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። በታህሳስ የእኛ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጋሼ አምፖል ሰቀሉልኝ፤ ከገለባው አርቀው፣ በሽቦ ከልለው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ አበራዋለሁ። ማታ ማስረዘሙ አይሻልም ወይ ስላቸው፣ መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማ ይይዛቸዋል አሉኝ።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን ይህ ነው። በታህሳስ ውርጩ በጠናበት ሰሞን አንድ ቀን ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው። ማንም አልጠራቸውም፤ ከእኛ ቤት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። "ዛሬ ቆርቆሮው አልቦ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው" አሉ። ገብተው ጆንያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ደረቅ ነበር። ቡና ጠጥተው ሄዱ። ለመንገድ ብዬ የሰጠኋቸውን ብር አልተቀበሉኝም።

በደብረ ብርሃን፣ በጫጫና በአንጎለላ አካባቢ በረት ወይም ጎተራ ለዶሮ ማዘጋጀት የምትፈልጉ እኚህን ሰው አሠሩ። ዋጋቸውን ቀድመው ይናገራሉ፤ በመሃል አይጨምሩም። ቤት ውስጥ ያለ እንጨትና ቆርቆሮ ካለ አዲስ አያስገዙም። ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። እስከ ጥምቀት ሥራ ይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ይገኛሉ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ ነግሮኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። የዛሬው 97 እንቁላል ነው።