ለዴሌጌታችን ቢሮ ምስጋና፣ ሜሪላንድ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የምጽፈው ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም እኛ ያገኘነው አገልግሎት እናንተም እንዳያመልጣችሁ ልጠቁማችሁ።

ምስጋናዬ ለዲስትሪክታችን (ለምርጫ ክልላችን) የስቴት ዴሌጌት፣ ማለትም በሜሪላንድ ምክር ቤት ለሚወክለን ሰው ቢሮ ነው። በተለይ ደግሞ ጉዳያችንን ይዛ እስኪያልቅ ድረስ ለተከታተለችው ወጣት ሠራተኛ። የዴሌጌቱንም የሠራተኛዋንም ስም አልጠራም። የምርጫ ቅስቀሳ እንዲመስል አልፈልግም። ደግሞም እንደየሰፈራችሁ የእናንተ ተወካይ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ቢሮው በኢሜይል ኒውስሌተር ይልካል። በስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ላይ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ በሌላው ጊዜ አልፎ አልፎ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ኢሜይል ሳንከፍተው ነው የምናጠፋው። የኛ ቢሮ የሚልከው ግን ቁም ነገር አለው። የትኛው ረቂቅ ሕግ የት ደረሰ፣ የጸደቀው ከመቼ ጀምሮ ይሠራል፣ ማን ምን ማመልከት ይችላል፣ ቀኑ መቼ ያልፋል፤ ይህን ሁሉ በቀላል ቋንቋ ፍርጥ አድርጎ ይነግራችኋል። ከዚያ የሰፈር ወሬ ይከተላል። የጉንፋን ክትባት የት በነጻ እንደሚሰጥ፣ ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ። ሲልቨር ስፕሪንግ ቦኒፋንት መንገድ አካባቢ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያላችሁ የዚህን ጥቅም አልነግራችሁም። ደንበኛ መንገድ ተዘግቶበት ሲመለስ ስታዩ የከረማችሁ ናችሁ።

የኛ ነገር የጀመረው ከዚያ ኢሜይል ላይ በተነበበ አንድ መስመር ነው። የእህቴ ልጅ አፓርታማ ልትከራይ ውል ቀረበላት። አከራዩ በማስያዣ የሁለት ወር ኪራይ ጠየቃት። ከመጀመሪያው ወር ኪራይ ጋር ሲደመር የሦስት ወር ገንዘብ በአንዴ ማለት ነው። ሥራ ከጀመረች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው፤ ከየት ታመጣዋለች? ኒውስሌተሩ ላይ ግን በ2024 የወጣው የተከራዮች መብት ሕግ ተጠቅሶ ነበር። ከኦክቶበር 1፣ 2024 ጀምሮ በሜሪላንድ የቤት ማስያዣ፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ድሮ እስከ ሁለት ወር ይፈቀድ ነበር። ብዙ አከራዮች ዛሬም የድሮውን ቅጽ እያወጡ ያስፈርማሉ።

ለቢሮው ኢሜይል ጻፍን። ሠራተኛዋ ራሷ ደወለች። ውሉን ፎቶ አንስተን እንድንልክላት ጠየቀች። ካነበበችው በኋላ የሕጉን ስምና አንቀጹን ላከችልን። እሷ ጠበቃ እንዳልሆነች፣ የሕግ ምክር መስጠት እንደማትችልም በግልጽ ነገረችን። ይህን ማለቷን ወድጄላታለሁ። ቀጥላ የሞንትጎመሪ ካውንቲ የአከራይና ተከራይ ጉዳይ ቢሮ ስልክ ሰጠችን፣ አገልግሎቱ ነጻ ነው። የእህቴ ልጅ የሕጉን አንቀጽ ለአከራዩ በትሕትና ላከችለት። ውሉ ተመልሶ ሲመጣ "ሁለት ወር" የሚለው በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞ ከላዩ "አንድ" ተብሎ ተጽፎበታል። ከጎኑም የአከራዩ ፊርማ አለ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ እንኳ አመሰግን ነበር። የጎረቤቴ እናት፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ኪራይ የሚከፍሉት በጡረታ ገንዘብና ልጃቸው በሚጨምርላቸው ነው። ያው ኒውስሌተር ስለ ተከራዮች የግብር ድጋፍ ጽፎ ነበር። ሜሪላንድ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ለአካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ልጅ ለሚያሳድጉ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ተከራዮች በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ትመልሳለች። መጠኑ ከገቢያቸውና ከሚከፍሉት ኪራይ ጋር እየተነጻጸረ ይሰላል። ዕድሜው ከ60 በታች ሆኖ ልጅ በማሳደጉ የሚያመለክት ሰው ግን የመንግሥት የኪራይ ድጎማ ካለው አያገኝም። የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ኦክቶበር 1 ነው። ይህንን ገንዘብ የማያውቁ ስንት እናቶችና አባቶች በየሕንጻው ውስጥ አሉ! ቤተ ክርስቲያን ጠይቁ፣ መስጊድ ጠይቁ፣ የሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳችኋል።

ቅጹ ቀላል አይደለም። እማማ እንግሊዝኛ ብዙም አይሆንላቸውም። ሠራተኛዋ በስልኩ መስመር ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ አስገባችላቸው። እማማ ወደ ጉዳዩ ከመግባታቸው በፊት "ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናቸው?" አሏት። አስተርጓሚው ተረጎመላት። ደህና እንደሆኑ፣ ባልቲሞር እንደሚኖሩ በደስታ መለሰች። እማማም እግዜር ይመስገን ብለው መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ዘረጉ። ከዚያ በኋላ መስመር በመስመር ሄዱ። የጡረታ ደብዳቤው ላይ የትኛው ቁጥር እንደሚጻፍ፣ ከኪራዩ ውስጥ መብራትና ውሃ ይኑርበት አይኑርበት፣ የትኛው ወረቀት ኮፒ እንደሚደረግ። አንዴም አልቸኮለችም። አንድ ወረቀት ጎድሎ ማመልከቻው ሲመለስም የግብር መሥሪያ ቤቱን ጠይቃ ምን እንደቀረ የነገረችን እሷ ነች። ቼኩ የመጣ ቀን እማማ የመጀመሪያውን ምርቃት ያወረዱት በእሷ ላይ ነው። እኔም ያንን ምርቃት አደራ ተቀብዬ በዚህ ጽሑፍ አደርሳለሁ።

አሁን ወደ ጥቆማው ልምጣ። የት ምን እንደሚጠየቅ ካላወቅን በከንቱ እንመላለሳለን። ፓስፖርት፣ የኢሚግሬሽን ፋይል፣ ሶሻል ሴኩሪቲ የፌደራል ጉዳይ ነው፤ ዋሽንግተን ላለው የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ጻፉ። ቆሻሻ አለመነሳት፣ የሰፈር መናፈሻ፣ እነዚህ የካውንቲው ናቸው። የስቴት ዴሌጌትና ሴናተር የሚረዷችሁ በስቴቱ መሥሪያ ቤቶች ጉዳይ ነው። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ኤምቪኤ፣ የሥራ አጥ ክፍያ፣ የስቴት ግብር፣ ሜዲኬድ፣ የሙያ ፈቃድ። ነርስ ረዳት ሆናችሁ ፈቃዳችሁ ሳይታደስ ከዘገየባችሁ፣ የሥራ አጥ ክፍያ ታግዶባችሁ ስልክ የሚያነሳ ካጣችሁ፣ ወደ ዴሌጌታችሁ ቢሮ ጻፉ። ዜጋ ባትሆኑም፣ ባትመርጡም፣ ዲስትሪክቱ ውስጥ ከኖራችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን የምለው ብዙ ሰው "እኔ ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለኝ" እያለ ስለሚተወው ነው።

ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ይህንን ልብ በሉ። በሜሪላንድ ሴናተሮችም ዴሌጌቶችም በየዲስትሪክታቸው የሚሰጡት ስኮላርሺፕ አለ። ለሴናተሩም ለዴሌጌቶቹም ማመልከት ይቻላል። ለአንዱ ማመልከት ለሌላው አይቆጠርም፣ ስለዚህ ሁሉንም ቢሮዎች ጠይቁ። ፋፍሳ (FAFSA፣ የፌደራል መንግሥት የተማሪዎች የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ) ቀደም ብሎ መሞላት አለበት። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የምትማር የሰፈራችን ልጅ አግኝታለች፣ ለመጽሐፍና ለትራንስፖርት ጠቀማት።

ተወካዮቻችሁን ለማወቅ ኤምዲኢሌክት ዶት ኔት (mdelect.net) ላይ ገብታችሁ የቤታችሁን አድራሻ ጻፉ። ሜሪላንድ 47 ዲስትሪክቶች አሏት፤ ለእያንዳንዱ አንድ ሴናተርና ሦስት ዴሌጌቶች። ስማቸው ሲወጣላችሁ የሁሉንም ኒውስሌተር ተመዝገቡ። ምክር ቤቱ በየዓመቱ በጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ተከፍቶ ለ90 ቀን ይሰበሰባል። በዚያ ጊዜ በአንድ ረቂቅ ሕግ ላይ አስተያየት መስጠት የፈለገ ሰው በኢንተርኔት ተመዝግቦ ከቤቱ በቪዲዮ መናገር ይችላል። የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው፣ ሁለት ደቂቃ ያህል፤ ስለዚህ ቀድሞ ጽፎ መለማመድ ይበጃል። የሕጻናት መዋያ ያላችሁ እናቶች፣ ታክሲና ኡበር የምትሠሩ ወንድሞች፣ በእናንተ ሥራ ላይ ሕግ ሲወጣ ድምፃችሁ እዚያ ቢሰማ ደስ ይለኛል።

ስትጽፉላቸው ስማችሁን፣ አድራሻችሁንና ስልካችሁን አስገቡ። አድራሻ ከሌለ ዲስትሪክታቸው ውስጥ መሆናችሁን ማወቅ ስለማይችሉ መልሱ ይዘገያል። ጉዳዩን በአጭሩ ጻፉ፣ የፋይል ቁጥር ካለ ጨምሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ማፈር አያስፈልግም።

ለሠራተኛዋ፦ እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን ጽሑፍ በእንግሊዝኛ አሳጥሬ ለአለቃሽም እልካለሁ፣ የሠራሽው እንዲታወቅልሽ። አንባቢዎቼ ደግሞ፣ እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ እስከ ኦክቶበር 1 ያለው ጊዜ ትንሽ ነው። 60 ዓመት የሞላቸው ተከራይ ወላጅ ወይም ጎረቤት ካላችሁ፣ የኪራይ ውላቸውንና የጡረታ ደብዳቤያቸውን ከአሁኑ አዘጋጁላቸው።