ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያለ የእናቶች ክሊኒክ፦ ሐኪሟ አንደኛ፣ ካርድ ክፍሉ ግን ይታሰብበት

የክሊኒኩን ስም አልጽፍም። ሰፈሩ ሁሉም የሚተዋወቅበት ነው፣ ጉዳዩም የጓደኛዬ ነው፤ "ጻፊው፣ እኔን ግን እንዳታስታውቂ" ስላለችኝ ነው የምጽፈው። ከቱሉ ዲምቱ በባጃጅ ይደረሳል። የሄድነው ጽንስ ለማቋረጥ ነው። ምክንያቷ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ላይ ከሚፈቅዳቸው አንዱ ነው፣ የትኛው እንደሆነ እሷና ሐኪሟ ይወቁት።

ከመጥፎው ልጀምር። ካርድ ክፍል ከፈልን። ልጅቷ ከደረሰኙ ጋር አንድ ወረቀት በመስኮቱ አወጣችና "እዚህ ጋ ፈርሚ፣ ከዛ ተራሽን ጠብቂ" አለቻት። የስምምነት ቅጽ ነው፣ ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ። ጓደኛዬ ሐኪም ፊት እንኳን አልቀረበችም፣ ምን እንደሚደረግላት የነገራት ሰው የለም፣ ግን "ሁሉም ተብራርቶልኝ፣ አደጋውንም ተረድቼ ተስማምቻለሁ" ብላ ልትፈርም ነው። ግራ ቢገባት ፈረመች። በዚያ ላይ ልጅቷ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ "ባለቤትሽ ያውቃል?" አለቻት። ምን አገባት? የባል ፈቃድ ይኑር የሚል ሕግ የለም። ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩን። ለካርድ ክፍሉ ከ5 አንድ እሰጣለሁ፣ እሱም ወንበሩ ስለሚመች።

ውስጥ ስንገባ ሐኪሟ የተፈረመውን ወረቀት አየችና ወደ ጎን አደረገችው። "ይሄ አይቆጠርም፣ ገና መች አወራን?" አለች። ወደድኳት። ከዛ እኔን "አንዴ ውጪልን" አለችኝ። ትንሽ ከፋኝ፣ አብሬያት የመጣሁት እኔ ነኝ እኮ። ለካ የገፋፋት ወይ ያስገደዳት ሰው እንዳለ ለብቻዋ ልትጠይቃት ነው፤ የሚገፋፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚመጣው ሰው ነው፣ ስለዚህ ልክ ናት።

ተመልሼ ስገባ አልትራሳውንድ እያሳየቻት ነበር። ሳምንቱን ብቻ ሳይሆን ጽንሱ ማሕፀን ውስጥ መሆኑንም ማየት አለብኝ አለች፣ ከማሕፀን ውጭ ከሆነ ኪኒኑ አይሠራም፣ ሳይታወቅ ከቆየም ፈንድቶ ሊገድል ይችላል። እኔ ያኔ ትዝ ያለኝ ኪኒኑን ምንም ሳይጠይቁ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡት ፋርማሲዎች ናቸው።

ሁለት መንገድ አለ ብላ ሁለቱንም አስረዳቻት። በኪኒን ከሆነ መጀመሪያ ሚፌፕሪስቶን ይዋጣል፣ ከአንድ ወይ ሁለት ቀን በኋላ ሚሶፕሮስቶል። በእሷ የእርግዝና ሳምንት ላይ ከ100 ሴቶች ከ95 በላይ ለሚሆኑት ይሠራል፤ ለቀሩት ግን ማሕፀን ውስጥ የሚቀር ነገር ስለሚኖር፣ አንዳንዴም እርግዝናው ስለሚቀጥል፣ በመሣሪያ መጨረስ ይመጣል። በመሣሪያ ከሆነ እዚሁ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ግን ኢንፌክሽን ሊኖር ይችላል፣ በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ ማሕፀን ሊበሳ ይችላል። ይሄን ስትናገር አላስፈራራችም፣ አላለባበሰችም። ጓደኛዬ "ከዚህ በኋላ መውለድ አልችልም ይላሉ" ስትላት፣ በንጽሕና ከተሠራና ችግር ካልገጠመ መውለድን አይከለክልም፣ እንዲያውም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሰሽ ልታረግዢ ስለምትችይ መከላከያውን ዛሬውኑ እናውራ አለቻት። ሰፈር ውስጥ የሚወራው ሌላ፣ እውነቱ ሌላ።

ጓደኛዬ ኪኒኑን መረጠች። ሁለት ትልልቅ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰና ይሄ ለሁለት ሰዓት ከቀጠለ ወዲያው ነይ ተባለች። ሚሶፕሮስቶሉ ብርድ ብርድ ሊያሰኝና ሊያተኩስ ይችላል፣ ትኩሳቱ ከአንድ ቀን ካለፈ ወይ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ ግን አትጠብቂ። መጨረሻ ላይ ቅጹን በአማርኛ እያነበበች አንድ በአንድ ጠየቀቻት፣ "እስቲ አንቺ መልሰሽ ንገሪኝ" እያለች። ከዛ እንደገና አስፈረመቻት። ሐሳቧን ብትቀይርም ኪኒኑን እስካልዋጠች ድረስ ገንዘቧ እንደሚመለስላት ነገረቻት። ከጎን ያለው ክፍል ነርሷ ለሌላ ሴት በኦሮምኛ እንዲሁ ስታስረዳ ይሰማ ነበር (ይሰማ ነበር ማለቴ ግን ሌላ ችግር ነው፣ ግድግዳው ስስ ነው)።

አንድ ቅር ያለኝ፣ ይሄን ሁሉ ተናግረው ወደ ቤት የምትወስጂው የታተመ ወረቀት የላቸውም። ነርሷ የአደጋ ምልክቶቹን ቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችላት። ሌሊት ቁርጠቱ ሲበረታባት ስልክ ደወለች፣ ነርሷ አነሳች፣ የትኛውን ማስታገሻ እንደምትወስድ ነገረቻት፣ በዚያው አለፈ።

ለሐኪሟ ከ5 አምስት። የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ከሐኪም የሚጠብቀውን ነው የሠራችው፣ ግን በስንት ቦታ ነው የሚሠራው?

ልትሄዱ ካሰባችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሜ ሐኪሟ አትገባም። ካርድ ክፍል ወረቀት ቢሰጧችሁ "ሐኪሟ ጋ ገብቼ ነው የምፈርመው" በሉ። አይከለክሏችሁም።