«ጋሼ፣ ዛሬ መነጽር አላዝልዎትም»

ይህን የምጽፈው አንዲት እህታችንን ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴን እዚህ አሜሪካ የጭነት መኪና ለምትነዱ ወገኖቼ ልጠቁማት። ኦፕቶሜትሪስት ናት፣ ዓይን መርምራ መነጽር የምታዝ ባለሙያ፤ የምትሠራውም እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። «ስሜን እንዳይጽፉት» ስላለችኝ፣ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም ነው። አይ 81 አውራ ጎዳና ላይ ወደ ሮአኖክ ስወርድ የመውጫዎቹ ቁጥር ይደበዝዝብኝ ጀመር። አጠገቡ ካልደረስኩ አይነበብም። 18 ጎማ ይዞ አጠገቡ ደርሶ ማንበብ ደግሞ ምን ዋጋ አለው? ግራ የገባኝ አንድ ቀን ደህና ሆኖ በሌላው ቀን መበላሸቱ ነው። በዚያ ላይ አንድ ቀን የማንበቢያ መነጽሬን ቤት ረስቼ፣ የጭነቱን ወረቀት በባዶ ዓይኔ ጥርት አድርጌ አነበብኩት። ስንት ዓመት ያቃተኝን! ለባለቤቴ ደውዬ «ጸሎትሽ ሠራ» አልኳት።

ለመንዳት የሚያስፈልገኝ የሕክምና ካርዴ ሊያልቅ 2 ወር ገደማ ቀርቶታል። የዲኦቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምርመራ ምን እንደሚጠይቅ ታውቃላችሁ። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው፣ በመነጽርም ይሁን ያለ መነጽር፣ 20/40 ማንበብ አለበት። ደህና የሚያይ ሰው በ40 ጫማ ርቀት የሚያነበውን እናንተ ቢያንስ በ20 ጫማ ማንበብ አለባችሁ ማለት ነው። ከዚያ የጎን እይታ አለ፤ በእያንዳንዱ ዓይን 70 ዲግሪ። ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ መለየትም አለ። አንዳንድ ልጆች የፊደል ሰሌዳውን ሸምድደው እንደሚገቡ አውቃለሁ። እኔም አሰብኩት፣ አልዋሽም።

ደንግጬ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። ስሙ ይቅር። በአሥር ደቂቃ ለኩኝ፤ 260 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ። በሳምንቱ መነጽሩና ዓይኔ አልተግባቡም። ተመልሼ ብሄድ «ትለምደዋለህ» አሉኝ።

እህታችን ጋ የላከኝ አንድ የሥራ ጓደኛዬ ነው። ማሽኑ ላይ ከማስቀመጧ በፊት ትጠይቀኝ ጀመር። ውኃ ይጠማዎታል? ሌሊት ለሽንት ስንቴ ይነሳሉ? ዓይኔን ልታይ የሽንቴ ነገር ምን አገባት አልኩ በሆዴ። ሦስት አራት ጊዜ እንደምነሳ ነገርኳት። እኔ የማሳብበው በዚያ በትልቁ ብርጭቆ በምጠጣው ሶዳ ነበር። ከዚያ ዓይኔን ለካችና ከአዲሱ መነጽር ጋር አስተያየችው። በሳምንት ውስጥ የመነጽሩ ቁጥር ተቀይሯል።

«ጋሼ፣ ዛሬ መነጽር አላዝልዎትም። ባዝልዎትም በወሩ ይጥሉታል» አለችኝ።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፣ በአማርኛ። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ውኃ ይስብና ያብጣል። ያኔ ሩቁ ይደበዝዛል፣ ቅርቡ ይጠራል። ያ ጸሎት ሠራ ያልኩት ስኳር ኖሯል! ጠብታ አድርጋ ውስጡን አየችው፤ ሬቲናዬ ላይ፣ ማለትም በዓይኔ የኋላ ግድግዳ ላይ፣ የደም መፍሰስ የለም፣ ተመስገን። ራሷ ደውላ ለማግስቱ ጠዋት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዘችልኝ። ጣቴን ወጉኝ፤ ስኳሬ 347፣ በጣም ከፍ ብሏል። የተቀበለችኝ የምርመራውን ብቻ ነው። ጥሩ ገንዘብ የምታገኝበትን መነጽር ትታ።

«እስኪረጋጋ መሪ እንዳይዙ» አለችኝ። «ኪኒኑን ሲጀምሩ ደግሞ ቅርቡ ይደበዝዝብዎታል፤ እንዳይደነግጡ።» እንዳለችውም ሆነ። መኪናዬ 8 ሳምንት ቆመ፤ የመኪናው ዕዳ ግን አይቆምም። ሦስተኛው ሳምንት ላይ በእሷም ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳስበው አፍራለሁ። እሷ ግን ሁለት ጊዜ ደውላ ጠየቀችኝ። በመጨረሻ በተለያየ ቀን ሁለቴ ለካችኝ። ቁጥሩ ሁለቴም ያው ሆነ፤ ያኔ መነጽሩን አዘዘች። በሁለቱም ዓይኔ 20/25 አነበብኩ። ካርዱን ለ2 ዓመት ሳይሆን ለ1 ዓመት ሰጡኝ። ይገባኛል።

ያ ከትራክ ስቶፕ (የጭነት መኪና ማረፊያ) የምንገዛውን፣ ለማታ ይሆናል የሚባለውን ቢጫ መነጽርም አስጣለችኝ። ማታ ላይ ብርሃን ይቀንስብዎታል እንጂ አይጨምርልዎትም ብላኝ።

ስኳር አለብኝ ማለት ሥራ ያሳጣል ብላችሁ ለምትደብቁ ደግሞ ይህን ነግራኛለች። ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ኢንሱሊን የሚወስድ ሹፌር እንኳ የሚያክመው ሐኪም ቅጹን ሞልቶለት፣ ስኳሩ የተረጋጋ ከሆነ ማለፍ ይችላል። ከማርች 2022 ወዲህም አንድ ዓይኑ መስፈርቱን ለማያሟላ መንገድ ተከፍቷል። የዓይን ሐኪም የሚሞላው የራሱ ቅጽ አለው፤ ካርዱም በየዓመቱ ይታደሳል።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ዓይንሽ ክፉ አይይ።

ስትሄዱ አሮጌ መነጽራችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ያዙ። ሹፌር መሆናችሁን ቀድማችሁ ንገሯት፣ ሰፋ ያለ ሰዓት ትይዝላችኋለች። ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ የሚነዳላችሁ ሰው አይጥፋ። እኔ 26 ዓመት የነዳሁት ሰውዬ፣ ፈቃድ ካወጣች 3 ወር በሆናት ልጄ ተነድቼ ገባሁ። እስከ ቤት ድረስ በሌለ ፍሬን ወለሉን ስረግጥ ነበር።