ትሮክስለር 3440፦ ልኬቱ ግሩም፣ መዝጊያው ግን ዓይን ይፈልጋል

ትሮክስለር 3440 በጨረር የሚሠራ መለኪያ ነው፤ የአፈርና የአስፋልት እፍጋትን በደቂቃ ውስጥ ይናገራል፤ ለፍጥነቱ የሚወጣለት እንከን የለም። አያያዙን ግን ማወቅ ግድ ነው። ወደ መሬት በሚወርደው ዘንጉ ጫፍ ላይ 0.3 ጊጋቤክሬል (የጨረር አመንጪነት መለኪያ) ገደማ ጋማ ጨረር የሚያወጣ ሲዚየም 137፣ ሆዱ ውስጥ ደግሞ እርጥበት የሚለካበት 1.48 ጊጋቤክሬል አሜሪሺየም 241 ከቤሪሊየም ጋር ተቀላቅሎ አለ፤ ይህ ድብልቅ ኒውትሮን ያወጣል።

ደካማ ጎኑ፣ እንደ ብጤዎቹ ሁሉ፣ ከሥሩ ያለው፣ ጨረሩን የሚያግደው የተንግስተን (ከባድ ብረት) መዝጊያ ነው። ዘንጉ ወደ ላይ ሲመለስ መዝጊያው በስፕሪንግ ተገፍቶ ዘንጉ የሚወጣበትን ቀዳዳ መሸፈን አለበት። እርጥብ አፈር ገብቶ ከደረቀ ግማሽ ተከፍቶ ይቀራል፤ እጀታው በቦታው ስለተቀመጠ ማንም አይጠረጥርም። የተለመደው «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከጠፋ ወይም የጨረር መለኪያው ከሌላው ጊዜ ከፍ ያለ ቁጥር ካሳየ ሥራው ይቁም። መዝጊያው መዘጋቱን ጎንበስ ብሎ ከሥር ማየት ትልቁ ስህተት ነው፤ ጨረሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ነው።

ጽዳቱ ለሠለጠነ ሰው ብቻ ነው፦ ዘንጉ ዝግ ቦታ ላይ እያለ መሣሪያው በጎኑ ይጋደማል፣ የታችኛው ፊት ከሰው ይዞራል፣ የሥሩ ሳህን ተፈትቶ መዝጊያው በረጅም ብሩሽ ይጠረጋል፣ አምራቹ ያዘዘው ቅባት ይነካል። ሌላ ቅባት አቧራ ይሰበስባል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ተራው የጋይገር መለኪያ ጋማን እንጂ ኒውትሮንን አያይም። ስለዚህ ልኬቱ ሲጀመር ራቅ ማለት ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የጨረሩ መጠን ወደ ሩብ ይወርዳል።