«ካንስል አድርጊውና በዚሁ ብር ልውሰድሽ» ካሏችሁ አትስማሙ

አዲስ አበባ ውስጥ በስልክ ታክሲ ለምትጠሩ ነው ይህን የምጽፈው። የማንም ድርጅት አፕ ይሁን፣ ነገሩ አንድ ነው።

ትጠራላችሁ። ሹፌሩ ይቀበልና ወዲያው ይደውላል። «ወዴት ነሽ እህቴ? አፑ ስንት አለሽ?» ትነግሩታላችሁ። «በቃ ካንስል አድርጊውና በዚሁ ብር ልውሰድሽ፤ ለነሱ ኮሚሽን ከሚሆን።» ዋጋው አልጨመረ፣ ሰውየው ትሁት። ምን ችግር አለው?

ችግሩ የሰረዛችሁት እናንተ መሆናችሁ ነው። ሲስተሙ ላይ እሱ አልጫናችሁም፣ እናንተም አልተጫናችሁም።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ከመገናኛ ወደ አያት እንዲህ ተስማምታ ሄደች። ሲደርሱ «መንገዱ ዝግ እንደነበር አይተሻል፣ ትንሽ ጨምሪበት» መጣ። መሽቷል፣ ጭቅጭቅ አልፈለገችም፣ ጨመረች። ቤት ገብታ ስታይ የቢሮዋ ላፕቶፕ የለም። ኋላ ወንበር ላይ ረስታዋለች። ሹፌሩ ጋ ስትደውል መጀመሪያ አይነሳም፣ ቀጥሎ ስልኩ ተዘጋ። ጥሪ ማዕከሉ ደግሞ በጨዋ ደንብ መለሰላት፦ «ጉዞውን የሰረዙት እርስዎ ነዎት።» ታርጋውን እንኳ አልያዘችም። ላፕቶፑ እስካሁን አልተገኘም።

አፑ መኪና መጥሪያ ብቻ አይደለም። የሹፌሩ ስም፣ ታርጋው፣ የተነሳችሁበት ሰዓት፣ በጂፒኤስ የሄዳችሁበት መንገድ ሁሉ እዚያ ይቀራል። በተለይ ማታ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ከዋጋው በላይ ይሄ ነው ጥቅሙ። ካንስል ስትሉ ማንነቱን የማታውቁት ሰው መኪና ውስጥ ገባችሁ ማለት ነው።

ሹፌሮቹ ነዳጅ ተወደደ፣ ኮሚሽኑ በዛ ሲሉ ውሸታቸውን አይደለም። እኔም አዝንላቸዋለሁ። ግን ያንን ከድርጅቱ ጋር ይጨርሱት እንጂ በተሳፋሪ ደህንነት አይደራደሩ።

ታርጋም እዩ። አፑ ላይ ነጭ ቪትዝ ይላል፣ የመጣው ሌላ መኪና ነው። «ያቺ ጋራዥ ገብታ ነው» ይላችኋል። አትግቡ። ጋራዥ የገባች መኪና ጥሪ አትቀበልም።

ሂሳብ ላይም አትቸኩሉ። ስልኩን ብልጭ አድርጎ ካሳያችሁ «እስቲ ልየው» በሉና የተነሳችሁበትንና የደረሳችሁበትን ቦታ አንብቡ። የቀድሞውን ተሳፋሪ ጉዞ ሳይዘጋ ጭኗችሁ ከሆነ የእሱንም ጨምራችሁ ልትከፍሉ ነው። ይህን ሳታጣሩ በቴሌብር አትላኩ፤ ብሩ አንዴ ከሄደ ማስመለሱ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ሹፌሩ «ካንስል ካላደረግሽ አልመጣም» ካለ ራሱ ይሰርዘው። ከዚያ በፊት ግን ስሙንና ታርጋውን ስክሪንሾት አንሱ። ቅሬታ ልታስመዘግቡ ስትደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።