«ገና ጊዜ አለ» እያሉ በጥቅምት የሚሸጡላችሁን የሜዲካል ስኩል ፓኬጅ አትግዙ

አሜሪካ ሜዲካል ስኩል ለመግባት «ገና አልተዘጋም፤ እናንተ ክፈሉ፣ እኛ 25 ትምህርት ቤት እናስገባላችኋለን» የሚል ኤጀንት በጥቅምት ወይም በኅዳር ካጋጠማችሁ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለልጃቸው ብለው የዕቁብ ብር ሊያወጡ ያሰቡ ወላጆች ካሉም አሳዩአቸው።

ኤጀንቱ ስለ መዝጊያው ቀን ላይዋሽ ይችላል። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ መቀበል የሚያቆሙት በፈረንጆቹ ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ነው። የማይነግራችሁ ግን ቀኑ ሳይደርስ ወንበሩ እየተያዘ እንደሚሄድ ነው። ትምህርት ቤቶቹ ማመልከቻው ሁሉ እስኪሰበሰብ ጠብቀው አያወዳድሩም፤ የደረሰላቸውን እያነበቡ፣ ለቃለ መጠይቅ እየጠሩ፣ እየተቀበሉ ይሄዳሉ። ዘግይቶ የገባ ሰው የሚወዳደረው በተረፈው ነው። ለውጭ ዜጋ ደግሞ ወንበሩ ከመጀመሪያውም ጥቂት ነው።

ቀኑን እንቁጠረው፣ ሁሉንም በፈረንጅ አቆጣጠር። ኤምዲ የተባለውን የሐኪምነት ዲግሪ የሚሰጡ ትምህርት ቤቶች የጋራ ማመልከቻ የሆነው አምካስ ለመሙላት የሚከፈተው ሜይ መጀመሪያ ላይ ነው። ማስገባት የሚቻለው ከሜይ መጨረሻ ወይም ከጁን መግቢያ ጀምሮ ሲሆን፣ ተጣርቶ ያለቀው ማመልከቻ ወደ ትምህርት ቤቶቹ መሄድ የሚጀምረው ጁን መጨረሻ ገደማ ነው። ኦክቶበር 15 ላይ የቅበላ መልስ መስጠት ይጀመራል። እስከ ማርች 15 ደግሞ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ቢያንስ በክፍሉ ቁጥር ልክ ተማሪ ተቀብሎ እንዲያሳውቅ ይጠበቃል።

አሁን በኦክቶበር መጨረሻ የገባ ማመልከቻ ምን እንደሚገጥመው ተከተሉ። አምካስ የሞላችሁትን ኮርስ በኮርስ ከትራንስክሪፕታችሁ ጋር ያመሳክራል። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ይህ እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ወረፋ የምትይዙትም ትራንስክሪፕቱ በሙሉ ሲደርስ እንጂ ማስገቢያውን ስትጫኑ አይደለም፤ አንድ የኮሌጅ ሬጅስትራር ከዘገየ ሁሉም ይቆማል። ከዚያ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሰከንደሪ የሚባለውን የራሱን ማመልከቻ ይልካል። ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲመለስ ነው፤ 25 ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ በየአንዳንዱ ብዙ ድርሰት አለ። የድጋፍ ደብዳቤው፣ የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና የሆነው የኤምካት ውጤት፣ በሚጠይቁት ዘንድም ካስፐር ወይም ፕሪቪው የተባለው ፈተና ካልተሟላ ፋይሉን አያነቡትም። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ጃንዋሪ ገብቷል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ የቃለ መጠይቅ ቀኖቻቸውን አከፋፍለው ጨርሰዋል፣ ወይም ሊጨርሱ ተቃርበዋል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አምካስ ለመጀመሪያው ትምህርት ቤት 175 ዶላር ገደማ፣ ከዚያ በኋላ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ ደግሞ 46 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። 25 ትምህርት ቤት ማለት ወደ 1,280 ዶላር ነው። የሰከንደሪው ክፍያ እንደ ትምህርት ቤቱ ቢለያይም በአማካይ 100 ዶላር ብትይዙት ሌላ 2,500 ዶላር ይጨመራል። ኤምካት ለብቻው ከ300 ዶላር በላይ ነው። የኤጀንቱ ድርሻ ገና አልተቆጠረም። አምካስ ከገባ በኋላ ክፍያው አይመለስም፤ ትምህርት ቤቱ የውጭ ዜጋ የማይቀበል ሆኖ ቢገኝም አይመለስም።

ትልቁ ኪሳራ የሚመጣውም ከዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ ኤምዲ የሚሰጡት ትምህርት ቤቶች ከ150 በላይ ናቸው፤ የውጭ ዜጋን ማመልከቻ የሚያዩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። የመንግሥት የሆኑት በተለይ ለክፍለ ግዛታቸው ነዋሪ ያደላሉ። 25 የሚለው ቁጥር በራሱ ማስጠንቀቂያ ሊሆናችሁ ይገባል። ከመክፈላችሁ በፊት የትምህርት ቤቶቹን ስም ዝርዝር በጽሑፍ ጠይቁ። ከዚያ የአሜሪካ ሜዲካል ኮሌጆች ማኅበር የሆነው ኤኤኤምሲ በሚያወጣው ኤምሳር በተባለው የትምህርት ቤቶች መረጃ ላይ እያንዳንዱን ፈትሹ፤ የደንበኝነት ክፍያው ከአንድ ሰከንደሪ ዋጋ ያነሰ ነው። ያልጠራችሁ ካለ ለቅበላ ቢሮው በቀጥታ ኢሜይል ጻፉ። ዝርዝሩን ከክፍያ በፊት አላሳይም የሚል ኤጀንት ጋር ንግግራችሁን እዚያው አቁሙ።

አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ጅማ ተምራችሁ የተመረቃችሁ ይህን ልብ በሉ። አምካስ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ያለ ዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕት አያጣራም፤ ኮርሱ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ ካናዳ ኮሌጅ ተዛውሮ ክሬዲት ካልተሰጠበት በቀር። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶችም ቢያንስ የተወሰነ ዓመት አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ መማርን ይጠይቃሉ፤ የተሟላ የባችለር ዲግሪ የሚጠይቁም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ከአገር ቤት በቀጥታ፣ በተለይም ከ12ኛ ክፍል ተነስቶ፣ በዚህ ዓመት ኤምዲ ትገባላችሁ የሚል ሰው የማይሆን ነገር ነው የሚሸጥላችሁ። አገር ቤት ሐኪም ሆናችሁ የተመረቃችሁ ደግሞ እንደገና ሜዲካል ስኩል መግባት አያስፈልጋችሁም፤ የእናንተ መንገድ ውጭ ለተማሩ ሐኪሞች በሚሰጠው የኢሲኤፍኤምጂ ሰርተፍኬትና ዩኤስኤምኤልኢ በሚባሉት የሐኪም ፈቃድ ፈተናዎች በኩል ወደ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ ወደሚሰጠው የሐኪሞች ሥልጠና ነው።

ኤምካትን «በኋላ ትደርሱበታላችሁ» ካሏችሁም አትመኑ። ፈተናው የሚሰጠው ከጃንዋሪ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ጃንዋሪ ድረስ የለም። ውጤቱ የሚወጣው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ነው። ሴፕቴምበር ያለፈው ሰው በጃንዋሪ ቢፈተን ውጤቱ የሚደርሰው በፌብሩዋሪ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለዚያ ዙር አይቀበሉትም። ሳይዘጋጁ ለሙከራ መቀመጥም ዋጋ አለው። በአንድ ዓመት ከሦስት፣ በተከታታይ ሁለት ዓመት ከአራት፣ በዕድሜ ልክ ከሰባት ጊዜ በላይ መፈተን አይቻልም፤ ተመዝግቦ መቅረትም፣ ተፈትኖ ውጤቱን ማሰረዝም ከዚሁ ይቆጠራል። አገር ቤት ሆናችሁ የምትፈተኑ ከሆነ የመፈተኛ ማዕከሎቹን ዝርዝር ቀድማችሁ እዩ፤ ወደ ሌላ አገር መሄድ ካስፈለገ ቪዛውና ትኬቱ የራሱን ወራት ይበላል።

ሌላው አደገኛ ነገር የይለፍ ቃል ነው። ፓኬጅ የሚሸጡ ሰዎች አካውንቱን ራሳቸው ከፍተው፣ ኢሜይሉን በእጃቸው አድርገው፣ 5,300 ፊደል የሚፈቅደውን የግል ድርሰት እነሱው ጽፈው እንደሚያስገቡ ሲነግሯችሁ እንደ ጥሩ አገልግሎት አትቁጠሩት። ስታስገቡ የሞላችሁት ሁሉ እውነት፣ ድርሰቱም የራሳችሁ ሥራ እንደሆነ አረጋግጣችሁ ነው የምትፈርሙት። ቢጣራ ተጠያቂው ባለ ስሙ ነው። ዝርዝሩን ለማስረዘም ሲባል በነዋሪነት ጥያቄው ላይ የሌላችሁን ግሪን ካርድ እንዳለ አድርገው ቢሞሉ፣ ዳፋው ከትምህርት አልፎ የኢሚግሬሽን ጉዳያችሁን ሊነካ ይችላል።

ስለ ስኮላርሺፕና ስለ ብድርም ብዙ ይባላል። የኤኤኤምሲ የክፍያ እገዛ ፕሮግራም የተማሪ ቪዛ ላለው ሰው አይሰጥም። የፌዴራል የተማሪ ብድርም እንዲሁ። ዓለም አቀፍ ተማሪን ከሚቀበሉት ውስጥ የአንድ ዓመት፣ አንዳንዶቹም የአራት ዓመት ሙሉ ወጪ በኤስክሮ፣ ማለትም ለክፍያው ብቻ በተያዘ ሒሳብ፣ አስቀድሞ እንዲቀመጥ የሚጠይቁ አሉ። ይህን ከሰከንደሪ በፊት እንጂ ከቅበላ በኋላ መስማት የለባችሁም። ዲቪ የደረሳችሁ ወይም በቤተሰብ በኩል ግሪን ካርዳችሁ የቀረበ ግን አንድ ዙር መጠበቅ ብዙ ሊለውጥላችሁ ይችላል፤ ቋሚ ነዋሪ የሚታየው ከአሜሪካ ዜጋ ጋር ነው፣ የፌዴራል ብድርም ይፈቀድለታል።

አሁን ኦክቶበር ከሆነና ዝግጁ ካልሆናችሁ፣ ገንዘባችሁን ለሚቀጥለው ጁን አስቀምጡት። ኤምካትን ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ባለው ጊዜ ጨርሱ። ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ፌብሩዋሪ ሳይወጣ ጠይቁ። አምካስ ሲከፈት የትራንስክሪፕት መጠየቂያ ፎርሙን አውርዳችሁ አሜሪካ ወይም ካናዳ ውስጥ ለተማራችሁበት ኮሌጅ ሁሉ፣ አንድ ኮርስ ብቻ ለወሰዳችሁበትም ጭምር፣ ላኩ። ጁን በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች አስገቡ። ደብዳቤውና የኤምካት ውጤቱ ባይደርሱም ማጣራቱ አይቆምም፤ ስለዚህ እነሱን ጠብቃችሁ ወረፋ አትልቀቁ። ወረፋው እስኪደርሳችሁ ለትምህርት ቤቶቹ የተለመዱ የሰከንደሪ ጥያቄዎች መልስ መጻፍ ጀምሩ።

ለኤጀንት ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ማመልከቻው ገብቷል አልገባም የሚለውን ራሳችሁ ገብታችሁ እዩ። ካልገባ ለአምካስ የተከፈለ ገንዘብ የለም፤ ክፍያው የሚቆረጠው ሲገባ ነው። «ከፍለንላችኋል» ካሏችሁ ደረሰኙን ጠይቁ። አካውንቱ ላይ ያለውን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ወደ ራሳችሁ ለውጡ፣ ውሉንና የተጻጻፋችሁትን አስቀሩ፣ ከዚያ የገንዘብ ተመላሽ በጽሑፍ ጠይቁ። ከገባ ግን የአምካሱ ክፍያ ሄዷል፤ ሊድን የሚችለው የሰከንደሪው ነው። ዓለም አቀፍ ተማሪ ለማይቀበል ወይም ቃለ መጠይቁን ለጨረሰ ትምህርት ቤት ሰከንደሪ አትክፈሉ። ለቀሩትም ተጣድፋችሁ የላካችሁት ደካማ ጽሑፍ መዝገብ ውስጥ እንደሚቀር አስቡ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትመለሱ ትምህርት ቤቱ ዳግም አመልካች መሆናችሁን ያውቃል፣ ካለፈው ምን እንደተሻሻለም ይፈልጋል።