ፋሺያ ኢሊያካ ብሎክ ለአዛውንት የዳሌ ስብራት፦ ሲመዘን

ዳሌያቸው የተሰበረ አዛውንት ካልተነኩ ሕመሙን ችለው ይተኛሉ። ጩኸቱ የሚመጣው ለራጅ ሲነሱ፣ አንሶላ ሲቀየር፣ ለስፓይናል (በጀርባ ለሚወጋው የቀዶ ጥገና ማደንዘዣ) በጎን ሲገለበጡ ነው። ፋሺያ ኢሊያካ ብሎክ ማለት ብሽሽት አካባቢ ማደንዘዣ ወግቶ የዳሌና የጭን ነርቮችን ማደንዘዝ ነው፤ የሚመዘነውም እዚያ ላይ ነው፤ በዚህ ሚዛን ማስታገሻዎቹን ሞርፊንንም ትራማዶልንም ያስከነዳል። እነሱ የመገላበጡን ሕመም ብዙም አይደፍሩትም፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀትና መቃዠት ያስከትላሉ። የ2020ው የኮክሬን ግምገማም (ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው) ብሎክ በ30 ደቂቃ ውስጥ የእንቅስቃሴ ሕመምን እንደሚቀንስ፣ መቃዠትንም እንደሚያሳንስ ደምድሟል።

ትልቁ ብልጫው ያለ አልትራሳውንድ መሠራቱ ነው። ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ብልት አጥንት ጉብታ መስመር ተሰምሮ ለሦስት ይከፈላል። የውጪው ሲሶ መካከለኛውን ከሚያገኝበት 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይወጋል። አስቀድሞ የብሽሽቱ ደም ቅዳ ምት በጣት ይዳሰሳል፤ መርፌው ከእሱ ወደ ውጪ መራቅ አለበት። መርፌው ጫፈ ደነዝ ይሁን፤ ሹል ከሆነ ሽፋኖቹን ሲያልፍ እጅ ላይ አይታወቅም። በደነዙ ግን ሁለት ጊዜ ቀጭ ይላል፦ መጀመሪያ የላይኛው ሽፋን ፋሺያ ላታ፣ ቀጥሎ የታችኛው ፋሺያ ኢሊያካ። በመጀመሪያው ቀጭታ መድኃኒቱን የለቀቀ ሰው ነርቮቹ ከተኙበት ሽፋን በላይ አፍስሶታል። በየ5 ሚሊ ሊትሩ ሲሪንጁን ሳብ አድርጎ ደም አለመምጣቱን ማየት ግድ ነው፤ ሲገፉት ከከበደ ወይም እግር ላይ ከነዘረ ይቆማል።

ብሎኩ የሚይዘው መድኃኒቱ በብዛት ሲሰራጭ ስለሆነ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። 20 ሚሊ ሊትር የ0.5% ቡፒቫኬይን (ማደንዘዣው) በ20 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ሲቀጥን 100 ሚሊ ግራም ይይዛል። ጣሪያው በኪሎ 2 ሚሊ ግራም ነውና 50 ኪሎ ለሚመዝኑ ልክ አፉ ላይ ነው። 40 ኪሎ ከሆኑ መድኃኒቱ ወደ 16 ሚሊ ሊትር ይወርዳል፤ የጎደለውን ሳላይን ይሞላዋል እንጂ ጠቅላላው ፈሳሽ አይቀነስም። ለስፓይናል የሚቀርበው ዴክስትሮዝ (ስኳር) ያለበት የቡፒቫኬይን አምፑል እዚህ ቦታ የለውም።

ብሎኩን በከንቱ የሚያስወቅሰው ችኮላ ነው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በ5ኛው ደቂቃ ወደ ራጅ የገፋ ክፍል «አልሠራም» ማለቱ አይቀርም። በዚያ ግማሽ ሰዓት የደም ግፊትና ኦክስጅን ይለካል። የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት ወይም መንቀጥቀጥ ከታየ መድኃኒቱ ደም ውስጥ በዝቷል ማለት ነው፤ ማርከሻው 20% የሊፒድ (የቅባት) ፈሳሽ በኪሎ 1.5 ሚሊ ሊትር ነው። ሊፒድ የሌለው ክፍል ነጥብ ይቀነስበታል።

ጉድለትም አለው። ወደ መገጣጠሚያው የሚሄደውን የኦብቱሬተር ነርቭ ብዙ ጊዜ አይደርስበትም፤ ስለዚህ ፓራሲታሞል አይቋረጥም፣ ለቀዶ ጥገናም ብቻውን አይበቃም። ጉልበትንም ያላላል፤ ያለ ደጋፊ ማቆም ሌላ ውድቀት መጥራት ነው። በ2018 የመጣው ሌላው የዳሌ ብሎክ፣ ፔንግ፣ በ20 ሚሊ ሊትር የጡንቻውን ኃይል ይበልጥ ይጠብቃል፤ ግን አልትራሳውንድ የግድ ይላል። ፋሺያ ኢሊያካው ቀን 10 ሰዓት ከተሰጠ ሌሊት ሊለቅ ስለሚችል ሰዓቱ ካርዱ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ሕመሙ ሳይመለስ ማስታገሻውን የምትሰጠው ያንን አይታ ነው።